ለነፋሻና ለጭንጫ ጓሮ የሚሆኑ ተክሎች

ደብረ ብርሃንን በመሰለ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ በሚገኝ የደጋ ከተማ ጓሮ ለማልማት የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ አፈሩ ነው። እኔ ግን ነፋሱ ይቅደም ባይ ነኝ። ጭንጫ መሬት የሚችል ተክል ሞልቷል፤ ቀን ከሌት ሲወዛወዝ ሥሩ የላላ ችግኝን ግን የትኛውም ፍግ አያድነውም።

ግቢን በቆርቆሮ ማጠር ነፋሱን የዘጋ ይመስላል። ድፍን አጥር የገጠመው ነፋስ ግን በላዩ ያልፍና ከወዲህ በኩል እየተሽከረከረ ይወርዳል። የሚሻለው ግማሹን አሳልፎ ግማሹን የሚያስቀር የቁጥቋጦ አጥር ነው፤ የቁመቱን አሥር እጥፍ ያህል ርቀት ድረስ ነፋሱን ጋብ ያደርገዋል።

ለዚህ ቀጋን የሚያህል አላውቅም። ድንጋያማ ዳገት ላይ ማንም ሳይንከባከበው ይበቅላል፣ እሾሁ ከብት አያስገባም፣ ነጭ አበባው ረግፎ የሚመጣውን ቀይ ፍሬ ልጆች ይለቅሙታል። ትሪ ሉሰርን ደግሞ ከካናሪ ደሴቶች የመጣ እንግዳ ቢሆንም በደጋችን ተላምዷል። ከሥሩ ጋር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ስለሚሰጡት ስስ አፈር አያሰጋውም፤ ቅጠሉ ለከብት መኖ፣ አበባው ለንብ ይሆናል። ክረምት ውሃ የሚተኛበት መረሬ ላይ ግን ሥሩ ስለሚበሰብስ አይተከል። ባሕር ዛፍ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የነፋስ መከለያችን ነው፤ ሆኖም እርጥበቱን ከጎረቤቶቹ ስለሚሻማ ለትንሽ ጓሮ አልመክረውም። ቦታና ትዕግሥት ላለው ጽድ አለ።

ከአጥሩ ውስጥ የሚተከለውን ለመምረጥ ቅጠሉን ማየት ይበቃል። ጠባብ፣ ጠንካራ፣ ጠጉራም ወይም ሽታው የበረታ ቅጠል ያለው ተክል አብዛኛውን ጊዜ ውሃውን ቆጥቦ የሚኖር ነው። የጥብስ ቅጠል፣ ጤና አዳምና አሪቲ ከዚህ ወገን ናቸው። የሁሉም አብነት የመንዙ ጦስኝ ነው፦ ከመሬት ተጣብቆ ስለሚያድግ ነፋሱ ከላዩ ያልፋል፣ ጥቃቅን ቅጠሎቹም በዘይት የተሞሉ ናቸው። አዝነው ፍግ ቢያበዙለት ይንዠረገጋል፤ መዓዛው ግን ይሳሳል፣ ግንዱም ይልፈሰፈሳል። ለእሱ የሚያስፈልገው ውሃ የማይቋጥር ጠጠራማ መደብ ብቻ ነው።

ጎመንና ሰላጣ የሚፈልግ ሰው ፍጉን በአንዲት የተከለለች መደብ ላይ ያጠራቅም። ጓሮውን በሙሉ ለማዳበር መሞከር ጉልበት ያባክናል።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ያደረባቸው ሌሊቶች ውርጭ ያመጣሉ። ስለዚህ ችግኝ በሐምሌ መጀመሪያ ይተከል፣ ውርጩ ሳይደርስ ሥር ይሰዳል። ሲገዙም ረጅሙን ትተው አጭሩንና ግንደ ወፍራሙን ይምረጡ። ከተተከለ በኋላ ዙሪያውን ጠጠር ወይም ገለባ ቢጎዘጎዝለት እርጥበቱን ይዞ ወደ በጋው ይገባል።