ርቀትን የምትናገር ቀጭን መስመር

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት የጠመንጃ ዓይነቶች መካከል አንዱ፣ ሕዝቡ «ውጅግራ» ብሎ የሰየመው የፈረንሳዩ «ግራ» ጠመንጃ ነበር። በዚህ ጠመንጃ የኋላ ማነጣጠሪያ ላይ እንደ መሰላል ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚደርሱ ምልክቶች የተቀረጹበት ትንሽ ብረት ይገኛል። ተኳሹ ዒላማው 300 ሜትር ይርቃል ብሎ ካመነ ተንሸራታቿን ብረት ለ300 ሜትር በተሰመረው ምልክት ላይ ያሳርፋል፤ 400 ሜትር ነው ካለም ከፍ ያደርጋታል። ይሁን እንጂ ዒላማው በእርግጥ 300 ይራቅ ወይም 400 ብረቱ አይናገርም። ብረቱ ርቀቱን ይጠይቃል እንጂ አይመልስም።

ጥያቄው ቀላል አለመሆኑን ለመረዳት ጥቂት ስሌት እንሥራ። የውጅግራ ጥይት ከአፈሙዙ የሚወጣው በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ፍጥነት ነው። የአየርን ግጭት ለጊዜው ብንተወው፣ ጥይቱ 300 ሜትር ለመሄድ ሁለት ሦስተኛ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥም የመሬት ስበት 2.2 ሜትር ያህል ወደ ታች ይስበዋል። ማነጣጠሪያው ከፍ የሚደረገው ይህን ውድቀት ለማካካስ ነው። እንግዲህ ለ300 ሜትር ተስተካክሎ የተተኮሰው ጥይት 400 ሜትር ላይ ወዳለ ዒላማ ቢላክ፣ ከታለመለት ነጥብ 1 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ያርፋል። የአየሩ ግጭት ሲጨመር ደግሞ ስሕተቱ ይበልጥ ይሰፋል። ደረት ላይ የታለመ ጥይት እግር ሥር አቧራ ያስነሣል ማለት ነው። በዓይን ግምት ብቻ 300ን ከ400 ለመለየት የሞከረ ሁሉ ስሕተቱ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ያውቃል፤ በተለይ በሸለቆ ማዶ ያለ ነገር ከእውነተኛ ርቀቱ ቀርቦ የመታየት ጠባይ አለው።

የሸረሪቷ ድር

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው መሣሪያ መጀመሪያ የተገኘው ከጦር ሜዳ ሳይሆን ከሥነ ፈለክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1640 ገደማ ዊልያም ጋስኮይን የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት በቴሌስኮፑ ውስጥ ከሚያየው ምስል ጋር እኩል ጠርታ የምትታይ አንዲት መስመር ተመለከተ። ታሪኩ እንደሚለው መስመሯ ሸረሪት በቱቦው ውስጥ የዘረጋችው ድር ነበረች። ጋስኮይን ነገሩን እንደ ቆሻሻ ጠርጎ አላለፈውም፤ ድሩ የዋለበት ቦታ ልዩ መሆኑን አስተዋለ እንጂ። ይህ ቦታ የፊተኛው ሌንስ (ምስሪት) የሩቁን ነገር ምስል የሚሠራበት የትኩረት ጠለል ነው። በዚህ ጠለል ላይ የተቀመጠ ማንኛውም ነገር ከምስሉ ጋር አንድ ላይ ጎልቶ ይታያል። ጋስኮይን እ.ኤ.አ. በ1644 በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ማርስተን ሙር በተባለው ውጊያ ሕይወቱ አለፈ፤ ሐሳቡ ግን ከእርሱ በኋላ በቴሌስኮፖች ሁሉ ተሠራጨ። በረቂቅ መሣሪያዎች ውስጥ እውነተኛ የሸረሪት ድር ለረጅም ዘመን ያገለገለ ሲሆን፣ በኋላ መስታወት ላይ የተቀረጹ መስመሮች ተክተውታል። የእነዚህ መስመሮች የወል ስም ሬቲክል ነው።

የጥንቱ ጠመንጃ ተኳሽ ዓይኑን በአንድ ጊዜ ለሦስት ነገሮች ማካፈል ነበረበት፤ ለኋላው ማነጣጠሪያ፣ ለፊተኛው ማነጣጠሪያና ለዒላማው። ዓይን ደግሞ ቅርቡንና ሩቁን በአንድ ጊዜ አጥርቶ ማየት አይችልም። ሬቲክል ያለው መነጽር ሦስቱን በአንድ ጠለል ላይ ያገናኛቸዋል። መስመሩ በትክክል በትኩረት ጠለሉ ላይ ካልዋለ ግን ተመልካቹ ራሱን ጥቂት ወደ ጎን ሲያደርግ መስመሩ በምስሉ ላይ ይንሸራተታል። ይህ ፓራላክስ የሚባለው ነው።

ሁለት መንገድ፣ አንድ ጎነ ሦስት

ከሬቲክሉ ማዕከል በላይና በታች ሌሎች ምልክቶች ሲጨመሩ መስመሩ ማነጣጠሪያ ብቻ መሆኑ ያበቃል። በሁለት ምልክቶች መካከል ያለው ክፍተት የተወሰነ ማዕዘን ነውና ማዕዘን መለኪያ ይሆናል። የተለመደው አሐድ ሚሊራዲያን፣ ባጭሩ ሚል፣ ይባላል፤ የአንድ ራዲያን ሺኛ ክፍል ነው። ጥቅሙም ግልጽ ነው፤ 1 ሚል በ1,000 ሜትር ርቀት ላይ 1 ሜትር ያህላል፣ በ500 ሜትር ላይ ደግሞ ግማሽ ሜትር። ሙሉው ክብ 6,283 ሚል ገደማ ሲሆን፣ ሠራዊቶች ለስሌት እንዲመቻቸው ቁጥሩን አጠጋግተውታል፤ የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን አገሮች 6,400፣ ሶቭየት ኅብረት ደግሞ 6,000 አድርገውታል። ስለዚህ የምሥራቅና የምዕራብ «ሚል» በጥቂቱ ይለያያሉ። በሌሎች መነጽሮች ደግሞ የዲግሪ ስድሳኛ ክፍል የሆነው የማዕዘን ደቂቃ ያገለግላል፤ ይህም በ100 ሜትር ላይ 2.9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ቀመሩ ከተመሳሳይ ጎነ ሦስቶች የሚመነጭ ነው፤ የነገሩን ቁመት በሜትር ወስዶ በ1,000 ማባዛት፣ ከዚያም በሚሉ ቁጥር ማካፈል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቦታው የተተከለው የአክሱም ሐውልት ቁመቱ 24 ሜትር ያህል ነው። በመነጽር ሲታይ 12 ሚል የሚሸፍን ከሆነ ተመልካቹ የቆመው 2,000 ሜትር ርቆ ነው።

ውድ አንባቢ፣ በዚህ ስሌት ውስጥ የተደበቀውን ነገር ልብ ይበሉ። መነጽሩ የሚለካው ማዕዘኑን ብቻ ነው፤ ቁመቱን ያመጣነው እኛ ነን። ባለ 10 ሜትር የኤሌክትሪክ ምሰሶ አይተን በ10 ሜትር ብናሰላ፣ ነገር ግን አንድ ሜትር ተኩሉ በመሬት ውስጥ የተቀበረ መሆኑን ብንዘነጋ፣ በ500 ሜትር ላይ ያለው ምሰሶ 17 ሚል ይሸፍንና 588 ሜትር የሚል መልስ ይሰጠናል። መነጽሩ እንከን የለበትም፣ ስሌቱም ትክክል ነው፤ ሆኖም 88 ሜትር ተሳስተናል። በሶቭየት ኅብረት የተሠራው የድራጉኖቭ ጠመንጃ መነጽር በሬቲክሉ ላይ 1.7 ሜትር ቁመት ላለው ሰው የተሰላ የርቀት መለኪያ ኩርባ አለው፤ ከዚህ ቁመት የሚያንስ ወይም የሚበልጥ ሁሉ በዚያው መጠን ርቀቱን ያዛባል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ማጉላቱ በሚለዋወጥ መነጽር ውስጥ ሬቲክሉ በፊተኛው የትኩረት ጠለል ላይ ከዋለ መስመሮቹ ከምስሉ ጋር አብረው ያድጋሉ፣ አብረውም ያንሳሉ፤ ንባቡ ሁልጊዜ ያው ነው። በኋለኛው ጠለል ላይ ከዋለ ግን መስመሮቹ ባሉበት ጸንተው ምስሉ ብቻ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ንባቡ ትክክል የሚሆነው በአንድ የማጉያ ደረጃ ብቻ ነው። በ10 እጥፍ ማጉላት የተስተካከለ መነጽር በ5 እጥፍ ቢነበብ 4 ሚሉ 2 መስሎ ይታያል፤ 500 ሜትሩም 1,000 ይሆናል። ፈቃድ ይዞ የሚያድን ሰው እንዲህ ቢሳሳት የሚከተለው እንስሳውን አቁስሎ መልቀቅ፣ አለዚያም ጥይቱን ከዒላማው ማዶ ወዳላየው ነገር መላክ ነው።

ቀያሹ ይህንኑ ጎነ ሦስት ገልብጦ ይጠቀምበታል፤ በእኔ አስተያየት ብልሃቱም ከሁሉ የላቀ ነው። የነገሩን ቁመት ገምቶ ማዕዘኑን ከመለካት ይልቅ ማዕዘኑን አጽንቶ ቁመቱን ያነባል። በሌቭልና በቴዎዶላይት መነጽር ውስጥ ከመካከለኛው መስመር በላይና በታች ሁለት አጫጭር መስመሮች አሉ፤ ክፍተታቸው በ100 ሜትር ላይ በትክክል 1 ሜትር፣ ማለትም 10 ሚል፣ እንዲሆን ተደርጎ ተቀርጿል። ረዳቱ ስታፍ የሚባለውን የሜትር ምልክት ያለበት ረጅም ዘንግ ያቆማል። ላይኛው መስመር 1.832፣ ታችኛው 1.496 ላይ ካረፈ ልዩነቱ 0.336 ነውና ርቀቱ 33.6 ሜትር ይሆናል። መካከለኛው መስመርም የሁለቱ አማካይ የሆነውን 1.664 ማንበብ አለበት፤ ካላነበበ አንደኛው ንባብ ተሳስቷል። እዚህ ላይ የሚታመነው ግምት ሳይሆን በፋብሪካ የተሰመረ ዘንግ ነው። እርግጥ ነው፣ የ1 ሚሊ ሜትር የንባብ ስሕተት 10 ሳንቲ ሜትር የርቀት ስሕተት ይወልዳል። መነጽሩ ወደ ዳገት ሲያዘነብል ደግሞ አግድም ርቀቱን ለማግኘት በማዕዘኑ ኮሳይን ስኩዌር ማባዛት ያስፈልጋል፤ በ15 ዲግሪ ዳገት 50 ሜትር የተነበበው በእርግጥ 46.65 ሜትር ነው።

አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሰሜን ኢትዮጵያ ከተራራ ተራራ ማዕዘን እየለካ የሠራው የቅየሳ ሥራም በመነጽር ውስጥ ባሉ መስመሮች ላይ የቆመ ነበር፤ ውጤቱን ከእ.ኤ.አ. 1860 እስከ 1873 በመጽሐፍ አሳትሞታል።

ከእንዳየሱስ ምሽግ ወደ ዓይናለም

በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የእንዳየሱስ ግቢ ውስጥ የጣልያን ጦር የሠራው ምሽግ ፍርስራሽ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1895 መጨረሻና በ1896 መጀመሪያ የኢትዮጵያ ጦር ይህን ምሽግ ከብቦ በመድፍ ቢደበድበውም በመድፍ ብቻ አልከፈተውም። የምሽጉን ሰዎች ያስጨነቃቸው በእቴጌ ጣይቱ ዘዴ የውኃ ምንጫቸው መያዙ ነበር፤ በጥር 1896ም ምሽጉን ለቀው ወጡ።

ውኃው ዛሬም የዚህች ከተማ ዋና ጉዳይ ነው። ከከተማው በስተደቡብ ምሥራቅ ባለው በዓይናለም ሜዳ የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ለበርካታ ዓመታት የመቀሌ ዋነኛ የመጠጥ ውኃ ምንጭ ሆነው አገልግለዋል። የከርሰ ምድር ውኃው የሚገኘው በኖራ ድንጋይ፣ በሼልና በዶለራይት ዐለቶች ስንጥቆች ውስጥ ነው። ውኃው ከየት ወደ የት ይፈስሳል የሚለው ጥያቄ ጉድጓድ የት ይቆፈር፣ ፍሳሽና ቆሻሻ የት አይጣል የሚለውን ይወስናል።

እስቲ ይህን ምሳሌ እንመልከት። ሁለት ጉድጓዶች በ1 ኪሎ ሜትር ተራርቀው ይገኛሉ። በመጀመሪያው ውኃው ከጉድጓዱ አፍ 28.40 ሜትር ዝቅ ብሎ፣ በሁለተኛው ደግሞ 31.10 ሜትር ዝቅ ብሎ ተገኘ። ላይ ላዩን ሲታይ ውኃው ወደ ሁለተኛው የሚወርድ ይመስላል። ነገር ግን የሁለተኛው ጉድጓድ አፍ ከመጀመሪያው በ3.50 ሜትር ከፍ ያለ ከሆነ የውኃው ወለል በዚያ በ80 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል፤ ፍሰቱም በተቃራኒው ነው። በእጅ የሚያዝ የጂፒኤስ መሣሪያ በከፍታ ልኬት ብዙ ሜትር ሊሳሳት ስለሚችል ይህን ጥያቄ አይፈታም። ሌቭልና ስታፍ ግን ይፈቱታል።

በዚህ ሥራ ሁለቱ አጫጭር መስመሮች ሌላ አገልግሎት አላቸው። ቀያሹ መሣሪያውን ከኋላውና ከፊቱ ካሉት ስታፎች እኩል ርቀት ላይ መትከል አለበት፤ ይህን ካደረገ የመነጽሩ ጥቂት መዛባትም ሆነ በ100 ሜትር 0.8 ሚሊ ሜትር የሚያህለው የመሬት ጉብጠት ስሕተት በሁለቱም ወገን እኩል ይሆንና ይሰረዛል። ርቀቱ እኩል መሆኑን ሜትር ሳይዘረጋ የሚያውቀው በእነዚሁ መስመሮች ነው።

የዓይናለም ሜዳ ቀያሹን የሚፈትነው በቀትር ነው። ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ባለው ደረቅ አየር የበጋ ፀሐይ መሬቱን ስታግል፣ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ከበላዩ ካለው ይልቅ ይሞቃል፤ በውስጡ የሚያልፈው ብርሃንም ይታጠፋል። ይህ ስብረት ነው። በስታፉ ላይ ያሉት ቁጥሮች እንደ እሳት ነበልባል ይርገበገባሉ። ከዚህ የከፋው ግን የማይታየው ነው፤ የታችኛው መስመር ጨረር ከላይኛው ይልቅ ለመሬት ስለሚቀርብ ይበልጥ ይታጠፋል፣ በመካከላቸው ያለው ንባብም ይዛባል። ልምድ ያላቸው ቀያሾች በማለዳ የሚወጡትና ከስታፉ ግርጌ ግማሽ ሜትር በታች የማያነቡት ለዚህ ነው። ዛሬ ቶታል ስቴሽን ርቀቱን በብርሃን ሞገድ በሚሊ ሜትሮች ደረጃ ይለካል፤ ሆኖም የሞቀው አየር የእርሱንም ጨረር ያጥፋል፣ በመነጽሩም ውስጥ መስመሮቹ አልጠፉም።

መነጽር የሌለው አንባቢም ነገሩን ሊሞክረው ይችላል። ግልጽ የፕላስቲክ ማስመሪያ ይያዙ፤ 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ክር አሥረው ጫፉን በጉንጭዎ አጥንት ላይ ከዓይንዎ ሥር ይያዙ፤ ክሩ ሲወጠር በማስመሪያው ላይ እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 2 ሚል ይሆናል። ቁመቱን በሜትር የለኩትን ጓደኛዎን በሜዳው ላይ አቁመው ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚሸፍን ያንብቡ። 1.70 ሜትር የሆነ ሰው 8 ሚሊ ሜትር ተኩል ቢሸፍን 17 ሚል ነው፤ ርቀቱም 100 ሜትር። ከዚያ በሜትር ለክተው ያነጻጽሩ፤ ጓደኛዎ 200 ሜትር ሲርቅ ደግሞ ሙከራውን ይድገሙትና የግማሽ ሚሊ ሜትር የንባብ ልዩነት በዚያ ርቀት ስንት ሜትር እንደሚያሳስት ይመዝግቡ።