የአንገት ንፍፊት ሁሉ ቲቢ አይደለም፦ ደምና ናሙና ስለ ሊምፎማ ምን ይነግሩናል?



ለዛሬው የጤና ዓምዳችን ከመርካቶ እንነሳ። ሸማ ተራ ትንሽ ሱቅ ያላቸው አንድ የ62 ዓመት አባት አሉ እንበል። ፈጅር አንዋር መስጂድ ሰግደው ሱቃቸውን ይከፍታሉ፤ ለመግሪብ ይዘጋሉ። አንገታቸው ላይ የማያም ንፍፊት ከወጣ ሁለት ወር አልፏል፤ ከሰሞኑ ደግሞ ብሽሽታቸው ላይ ሌላ ወጥቷል። ሌሊት ያልባቸዋል፣ ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል። የሱቅ ጎረቤቶቻቸው የሚሉት የታወቀ ነው፦ «ቲቢ ነው፤ መድኃኒቱን ይጀምሩና ይለቅዎታል።»

ጎረቤቶቹ ያለ ምክንያት አልተናገሩም። አገራችን የቲቢ ጫና ከበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ከሳንባ ውጪ የሚከሰተው ቲቢም በብዛት የሚታየው በንፍፊት ላይ ነው። ነገር ግን ተመሳሳይ ምልክት ይዞ የሚመጣ ሌላ በሽታ አለ፤ ሊምፎማ ይባላል። በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው ግራ መጋባት ለታማሚው ወራትን ያስከፍላል። ይህ ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን ለማስረዳት ይሞክራል። አንደኛው በሽታው እንዴት ተለይቶ እንደሚታወቅ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሐኪም ከደምና ከናሙና ተነስቶ የበሽታውን አካሄድ እንዴት እንደሚገምት ነው።

ሊምፎማ ምንድን ነው?

ሊምፎማ ሊምፎሳይት ከሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች የሚነሳ ካንሰር ነው። እነዚህ ሴሎች ሰውነታችንን ከበሽታ የሚጠብቁ ናቸው፤ መቀመጫቸውም አንገት፣ ብብት፣ ብሽሽት፣ ደረትና ሆድ ውስጥ ያሉት የሊምፍ ዕጢዎች፣ ጣፊያና መቅኔ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ሥርዓቱን ስቶ ያለ ልክ መባዛት ሲጀምር ዕጢው ያብጣል።

በሽታው በሁለት ትላልቅ ክፍሎች ይመደባል። የመጀመሪያው እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሆጅኪን እ.ኤ.አ. በ1832 የገለጸው ሆጅኪን ሊምፎማ ነው። ይህኛው ወጣቶችን፣ ማለትም የእኛን የዩኒቨርሲቲ ዕድሜ ያሉትን በብዛት ይይዛል፤ ደግነቱ አብዛኞቹ ታማሚዎች በኬሞቴራፒ ይድናሉ። ሁለተኛው ሆጅኪን ያልሆነ ሊምፎማ የሚባለው ሲሆን በውስጡ ብዙ ዓይነቶች አሉት። አንዳንዱ ለዓመታት ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ሌላው በሳምንታት ውስጥ ይስፋፋል።

ከፈጣኖቹ አንዱ የተለየው ከጎረቤታችን ምሥራቅ አፍሪካ ነው። ዴኒስ በርኪት የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ካምፓላ ሲሠራ በሕፃናት መንጋጋ ላይ የሚወጣውን ዕጢ እ.ኤ.አ. በ1958 ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ ኤፕስታይን፣ አቾንግና ባር ከዚሁ ዕጢ በተወሰደ ሴል ውስጥ አዲስ ቫይረስ አገኙ፤ ዛሬ ኤፕስታይን-ባር ቫይረስ እየተባለ ይጠራል። ኤችአይቪ በደሙ ያለበት ሰውም በሊምፎማ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ አዲስ የሊምፎማ ታማሚ የኤችአይቪ ምርመራ እንዲያደርግ የሚጠየቀው ለሐሜት ሳይሆን ለሕክምናው ስለሚያስፈልግ ነው።

ቲቢ ወይስ ሊምፎማ?

ትኩሳት፣ ሌሊት ልብስ የሚያርስ ላብ፣ ክብደት መቀነስ፦ ሦስቱም በሁለቱም በሽታዎች ይታያሉ። ስለዚህ ምልክቱን ብቻ አይቶ መለየት አይቻልም፤ ናሙና መታየት አለበት።

በመጀመሪያ ደረጃ የሚሠራው ከዕጢው በቀጭን መርፌ ጥቂት ሴል መውሰድ ነው። ርካሽና ፈጣን ነው፤ ለቲቢ ምርመራም ይጠቅማል፤ ያው ናሙና በጂን ኤክስፐርት ሊታይ ይችላል። ለሊምፎማ ግን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ምክንያቱን እህል በረንዳ የዋለ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ነጋዴው ጆንያውን በብረት ወግቶ እፍኝ እህል ያወጣል፤ እህሉ ስንዴ መሆኑን ያውቃል፤ ከታች ምን እንደተደባለቀ ለማወቅ ግን ጆንያውን መፍታት አለበት። የሊምፎማ ዓይነት የሚለየው በሴሉ መልክ ብቻ ሳይሆን ሴሎቹ በዕጢው ውስጥ በተደረደሩበት ሁኔታ ጭምር ነው። ይህን የሚያሳየው ዕጢው ሙሉ በሙሉ ወይም ሰፋ ብሎ ተቆርጦ ሲወጣ ነው፤ ባዮፕሲ የምንለው ይህ ነው። ሆጅኪን ሊምፎማ አንዳንዴ በመርፌ ናሙና ላይ ቲቢን የሚመስል ገጽታ ስለሚያሳይ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ከባድ ማሳሰቢያ አለ። ምርመራው ሳይጠናቀቅ ከመድኃኒት ቤት ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ገዝቶ መዋጥ አደገኛ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የሊምፎማን እብጠት ለጊዜው ያጎድላሉ። ታማሚው «ተሻለኝ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚወሰደው ናሙና ግን በሽታውን ሊደብቅ ይችላል።

የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ሰው ንፍፊቱ ካልጎደለስ? በቲቢ ሕክምና መካከል ንፍፊት ለጊዜው የሚያብጥበት አጋጣሚ ስላለ መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አይገባም። ነገር ግን ቲቢ መሆኑ በላቦራቶሪ ሳይረጋገጥ የተጀመረ ሕክምና ለውጥ ካላመጣ ወደ ሐኪሙ ተመልሶ «ባዮፕሲ አያስፈልገኝም ወይ?» ብሎ መጠየቅ መብት ነው።

የበሽታውን አካሄድ የሚጠቁሙ ልኬቶች

ባዮፕሲው ሊምፎማ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ቤተሰብ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይድናሉ ወይ?» ሐኪሙ ለዚህ መልስ የሚመረኮዘው ባዮማርከር በሚባሉ ጠቋሚዎች ላይ ነው። ባዮማርከር ማለት ከደም፣ ከናሙና ወይም ከሌላ የሰውነት ክፍል የሚለካና ስለ በሽታው የሚናገር ምልክት ነው። አንዳንዱ በሽታው ምን እንደሆነ ይለያል፤ አንዳንዱ ወዴት እንደሚሄድ ይጠቁማል፤ አንዳንዱ ደግሞ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ይናገራል።

ከሁሉም ቀላሉ ኤልዲኤች የሚባለው ኢንዛይም ነው። በሴሎቻችን ውስጥ ይኖራል፤ ሴል ሲሞት ወደ ደም ይፈስሳል። ዕጢው ብዙ ከሆነና ሴሎቹ ቶሎ ቶሎ ከተባዙና ከሞቱ ልኬቱ ከፍ ይላል። ይሁን እንጂ ኤልዲኤች የሊምፎማ ብቻ ምልክት አይደለም። በጉበት በሽታና በወባም ይጨምራል። የተቀዳው ደም በመንገድ ተንገላቶ ቀይ የደም ሴሎቹ ከፈረሱም ውጤቱ በሐሰት ከፍ ይላል። ስለዚህ ያልተጠበቀ ውጤት ሲመጣ ምርመራውን መድገም ተገቢ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ የተውጣጡ ተመራማሪዎች በፍጥነት ለሚስፋፉ ሆጅኪን ላልሆኑ ሊምፎማዎች አምስት ነጥቦች ያሉት መመዘኛ አወጡ፤ አይፒአይ ይባላል። ለእያንዳንዱ አንድ ነጥብ ይሰጣል፦ ዕድሜ ከ60 በላይ ከሆነ፤ ኤልዲኤች ከመደበኛው ከፍ ካለ፤ ታማሚው ሥራ መሥራት እስኪያቅተው ከደከመ፤ በሽታው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ደረጃ ከደረሰ፤ ከሊምፍ ዕጢዎች ውጪ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ከተገኘ።

የሸማ ተራውን አባት እንመዝን። ዕድሜያቸው 62 ነው፤ አንድ። ኤልዲኤቻቸው ከፍ ብሏል እንበል፤ ሁለት። ንፍፊቱ ደረትንና ሆድን ከሚለየው ጡንቻ በላይም በታችም፣ አንገትና ብሽሽት ላይ፣ ስላለ ሦስተኛ ደረጃ ነው፤ ሦስት። ሱቃቸውን አሁንም ይከፍታሉ፤ ለድካም ነጥብ የለም። ሌላ አካል አልተነካም፤ ነጥብ የለም። ድምሩ 3 ነው።

በ1993ቱ ጥናት 0 ወይም 1 ነጥብ ከነበራቸው ውስጥ 73 በመቶው አምስት ዓመት በሕይወት ቆይተዋል፤ 2 ነጥብ ከነበራቸው 51 በመቶው፣ 3 ከነበራቸው 43 በመቶው፣ 4 ወይም 5 ከነበራቸው ደግሞ 26 በመቶው። እነዚህ ቁጥሮች የተገኙት ሪቱክሲማብ የሚባለው መድኃኒት ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ከእርሱ በኋላ ውጤቱ ተሻሽሏል። በሌላ በኩል የተጠኑት ሰዎች ሕክምናቸውን በተሟላ ሁኔታ ያገኙ ነበሩ። ኬሞውን በገንዘብ ወይም በመድኃኒት እጥረት የሚያቋርጥ ሰው በእነዚህ ቁጥሮች ሊመዘን አይችልም።

ለተስፋፋ ሆጅኪን ሊምፎማም እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ሰባት ነጥብ ያለው መመዘኛ አለ። ዕድሜ 45 እና ከዚያ በላይ፣ ወንድ መሆን፣ አራተኛ ደረጃ፣ አልቡሚን ከ4 ግራም በታች፣ ሄሞግሎቢን ከ10.5 በታች፣ ነጭ የደም ሴል 15,000 እና ከዚያ በላይ፣ የሊምፎሳይት ቁጥር ማነስ። አስተውሉ፦ ከሰባቱ አራቱ በተራ የደም ምርመራ የሚገኙ ናቸው። ትልቅ መሣሪያ በሌለበትም ብዙ ማወቅ ይቻላል።

ከሴሉ ላይ የሚነበበው

ፓቶሎጂስቱ ናሙናውን በልዩ ቀለም ሲመረምር ሌሎች ጠቋሚዎችን ያያል። ኪ-67 ምን ያህሉ ሴል በመባዛት ላይ እንዳለ በመቶኛ ያሳያል፤ በበርኪት ሊምፎማ ወደ 100 ይጠጋል። ሚክ እና ቢሲኤል-2 የተባሉት ጂኖች ሁለቱም ቦታቸውን ለቅቀው ከተገኙ በሽታው በተለመደው ኬሞ በቀላሉ አይመለስም፤ ሐኪሙ ጠንከር ያለ ሕክምና ያስባል።

ለታማሚው በተግባር ብዙ የሚለውጠው ግን ሲዲ-20 ነው። ይህ በቢ-ሴሎች ገጽ ላይ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሪቱክሲማብ ይህን ፕሮቲን ፈልጎ የሚይዝ መድኃኒት ነው። ሲዲ-20 ከሌለ መድኃኒቱ አይሠራም፤ ካለ ቾፕ ከተባለው ኬሞ ጋር ይሰጣል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ርካሽ ምርመራ መቅደም አለበት፦ የሄፓታይተስ ቢ። በሰውነት ውስጥ ተኝቶ የነበረ ሄፓታይተስ ቢ በሪቱክሲማብ ምክንያት ሊነሳና ጉበትን ሊያጠፋ ይችላል። ቫይረሱ ቀድሞ ከታወቀ መከላከያ መድኃኒት አለ። ሄፓታይተስ ቢ በተስፋፋበት አገራችን ይህን ምርመራ መዝለል አይገባም።

ጠቋሚ ዕጣን ሲለውጥ

ከሊምፎማ ጋር የሚዛመዱ የደም ካንሰሮችም አሉ። ባዮማርከር ምን ያህል እንደሚጠቅም ከሁሉ በላይ ያሳየው ሲኤምኤል የሚባለው የደም ካንሰር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ፊላደልፊያ ከተማ ውስጥ ኖዌልና ሀንገርፎርድ በዚህ በሽታ የተያዙ ሰዎች ሴል ውስጥ አጠር ያለ ክሮሞዞም አዩ። በኋላ ከዚሁ ለውጥ ቢሲአር-ኤብል የተባለ ጂን እንደሚፈጠር ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2001 ይህንኑ የሚያስቆመው ኢማቲኒብ የተባለ እንክብል ተፈቀደ። ብዙዎችን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይገድል የነበረ በሽታ መድኃኒት እየዋጡ የሚኖሩበት ሆነ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚታከሙ የሲኤምኤል ታማሚዎች ይህን መድኃኒት በእርዳታ ፕሮግራም በነፃ ሲያገኙ ቆይተዋል። ሕክምናው ከተጀመረ በሦስተኛው ወር የቢሲአር-ኤብል መጠን ከ10 በመቶ በታች መውረዱ ደግሞ ወደፊት ጥሩ እንደሚሆን ከሚጠቁሙት አንዱ ነው።

ትንበያ ማለት ጥንቆላ ነውን?

አንዳንድ ቤተሰብ «ሐኪሙ ዕድሜ ቆረጠ» ብሎ ይቆጣል። ሌላው ደግሞ ቁጥሩን ሰምቶ ሕክምናውን ይተዋል። ሁለቱም ቁጥሩን በትክክል አልተረዱትም። ሩቁን ነገር የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፤ ሐኪምም ይህን አልተናገረም።

የመርካቶ ነጋዴ ዱቤ እንዴት እንደሚሰጥ አስቡ። ከብዙ ዓመት ልምዱ እንዲህ ካሉ መቶ ደንበኞች ሰባው በጊዜው እንደሚከፍሉ ያውቃል። ከፊቱ የቆመው ይህ አንዱ ከሰባዎቹ ይሁን ከሠላሳዎቹ ግን አያውቅም። ቢሆንም ልምዱ ዋስ እንዲጠይቅ፣ መጠኑን እንዲወስን፣ ቶሎ ቶሎ እንዲከታተል ይረዳዋል። ባዮማርከርም እንዲሁ ነው፤ ስለ ብዙዎች ይናገራል፣ ስለ አንድ ሰው አይፈርድም። ጥቅሙ ለማን ቀለል ያለ፣ ለማን ጠንካራ ሕክምና እንደሚያስፈልግ መለየቱ ነው። ሰበብን ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጋጭም። 43 በመቶ የተባለ አባት ልጆቹ ለቀብር እንዲዘጋጁለት አይደለም፤ ቀጠሮው አንድም ቀን እንዳያልፍ እንዲረዱት ነው።

እኛስ ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ያልጠፋ፣ እያደገ የሚሄድ፣ በተለይ የማያም ንፍፊት ያለበትን ዘመድ ወደ ጤና ተቋም እንውሰድ። እኛም ተማሪዎች «ፈተና ይለፍ» ብለን አናቆየው።

ሁለተኛ፦ ጀማዓው ለታማሚ ገንዘብ ሲያሰባስብ ቅደም ተከተሉን ከሐኪም ጋር እንምከር። ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡን በተደጋጋሚ አልትራሳውንድና ሲቲ ስካን ይጨርስና ለባዮፕሲና ለናሙናው ልዩ ቀለም ያጣል። የበሽታውን ስም የሚነግረን ናሙናው ነው።

ሦስተኛ፦ የምርመራ ወረቀቶችን ሁሉ በአንድ ማኅደር እንያዝ። የፓቶሎጂ ውጤት፣ ኤልዲኤች፣ ሲቢሲ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ኤችአይቪ። ከመርካቶ ወደ ጥቁር አንበሳ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ወረቀት ጠፍቶ እንደገና መጀመር ግን ሳምንታትን ይበላል።

አራተኛ፦ ከታማሚው አንደብቅ። ውሳኔው የእርሳቸው ነው፤ ዕዳቸውን፣ አደራቸውን፣ ኑዛዜያቸውን የሚያስተካክሉትም እርሳቸው ናቸው። ለስላሳ ቃል መምረጥ እንችላለን፤ እውነቱን መንፈግ ግን አይገባንም።

አላህ ለታመሙ ወገኖቻችን ሁሉ ሺፋውን ያምጣልን። ወሏሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።