ቱቦው መደፈን የሚጀምረው ከወጥ ቤት ነው

በዓል ባለፈ ማግስት የዶሮ ወጡ ድስት ሲታጠብ ዳር ዳሩን የያዘው ቅባት በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ተገፍቶ በሲንኩ ይወርዳል። ከዓይን ስለራቀ የሄደ ይመስላል። የሚሄደው ግን ውሃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ብቻ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ከተማ ከመሬት በታች ያለው ቱቦ ቀዝቃዛ ስለሆነ ንጥር ቅቤውም፣ የሚረጋው ዘይትም እዚያ ሲደርሱ ረግተው ግድግዳውን ይይዛሉ። የሱፍና የኑግ ዘይትም ባይረጋ እንኳ ከሳሙና ቅሪትና ከምግብ ፍርፋሪ ጋር ሆኖ ይለጠፋል። ብዙ ሰው ሙቅ ውሃ ደጋግሞ መድፋት ቅባቱን የሚያጠፋው ይመስለዋል። የሚሆነው ግን ችግሩ እጅ ከሚደርስበት ቦታ ወደማይደርስበት መገፋቱ ነው።

ቅባቱ ብቻውን ቢሆን ቱቦ ለመድፈን ረጅም ጊዜ በፈጀበት ነበር። የሚያፋጥነው በላዩ የሚጣበቀው ነገር ነው። የቡና አተላ አይሟሟም፤ ከብዶ ከቱቦው ወለል ላይ ይተኛል። በሊጥ እቃ እጣቢ ውስጥ ያለው ዱቄት ይዘቅጥና ይጋገራል። ድስት የተፈተገበት አሸዋና አመድ ሲጨመርበት በሽቦ እንኳ የማይነቃነቅ ድድር ይሆናል።

ስለዚህ ድስትና መጥበሻ ውሃ ሳይነካቸው በፊት በአሮጌ ጋዜጣ ወይም በሶፍት ይጠረጉ። የተጠበሰበት ዘይት በባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተጠራቅሞ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይውጣ። አተላው ግቢ ላለው ሰው ለአትክልት ይሆናል፤ ለሌለው በፌስታል ይጣል። የሊጡ እጣቢ ጥቂት ቆይቶ ይጥለል፤ ላዩ ውሃ ብቻ ይደፋ፣ ዝቃጩ ይቅር። በሲንኩና በመታጠቢያ ቤቱ ወለል ቀዳዳ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ወንፊት ፍርፋሪውንም ፀጉሩንም ታስቀራለች። ከሁሉም ርካሽ መከላከያ እሷ ናት።

ወደ ሽንት ቤቱ እንሂድ። መቀመጫው ሦስት ነገር ብቻ ይቀበላል፤ ከሰው የሚወጣውን፣ ውሃና ሶፍት። ሞዴስ፣ ዳይፐር፣ ጥጥ፣ ጨርቅና ጋዜጣ አይገቡም። ብዙዎች የሚሳሳቱት በእርጥብ ሶፍት ነው። በአንድ ብርጭቆ ውሃ ተራውን ሶፍት፣ በሌላው እርጥቡን ጨምረው ቢያማስሉ ልዩነቱን ያዩታል፤ የመጀመሪያው ይበታተናል፣ ሁለተኛው እንዳለ ይቀራል። ክዳን ያለው የቆሻሻ መጣያ ከመቀመጫው አጠገብ ያስቀምጡ። ለልጆችም ለእንግዳም ይህን መንገር ነውር የለውም።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌላ ችግር አለ። ለመቆጠብ ተብሎ በጣሳ የሚደፋ ውሃ መቀመጫውን ያጸዳል እንጂ ቆሻሻውን እስከ ዋናው መስመር አያደርስም፤ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ይደርቃል። ከብዙ ጣሳ ይልቅ ግማሽ ባልዲ ያህል የልብስ እጣቢ በአንድ ጊዜ በኃይል መድፋት ይሻላል።

በኮንዶሚኒየም የአንዱ ጥንቃቄ ብቻውን አይበቃም። ከላይ ያሉት ቤቶች በአንድ ቁልቁል ቱቦ ስለሚገናኙ አራተኛ ፎቅ የተጣለው ጨርቅ የሚያስለቅሰው ምድር ቤት ያለውን ነዋሪ ነው። የነዋሪዎቹ ማህበር የግቢውን ማንሆሎች በየጊዜው አስከፍቶ ቢያሳይ፣ በተለይ ክረምት ሳይገባ፣ ብዙ ጠብ ይቀራል።

የፍሳሽ መስመር ያልደረሰበት ቤት ሴፕቲክ ታንክ ይጠቀማል። እዚያ ከባዱ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ የመሐሉ ፈሳሽ ብቻ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ ያልፋል። ዝቃጩ ሳይነሳ ከቆየ ወደ ማስረጊያው ይሻገርና የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ያን ጊዜ የፍሳሽ ማንሻ መኪና ጠርቶ ታንኩን ማስመጠጥ ብቻውን አያድነውም፤ ሌላ ማስረጊያ መቆፈር ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ እስኪሞላ አይጠበቅም። እንደ ቤተሰቡ ብዛትና እንደ ታንኩ ስፋት ቢለያይም በየ3 እስከ 5 ዓመቱ ማስነሳት የተለመደ ነው። አፈሩ ቦሌና አቃቂ አካባቢ እንዳለው ጥቁር አፈር ውሃ ቶሎ የማያሰርግ ከሆነ ደግሞ የጣሪያን የዝናብ ውሃ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ መምራት ፈጽሞ አይገባም። በረኪናም በብዛት አይደፋ፤ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቢዘጋ መጀመሪያ የተዘጋው የቱ እንደሆነ ይለዩ። ሲንኩ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከስሩ ባለው የታጠፈ ቱቦ፣ በሲፎኑ ነው፤ ባልዲ ከስር አድርገው ፈተው ያጥቡት። ሽንት ቤቱም መታጠቢያውም አብረው ከቆሙ ዋናው መስመር ወይም ታንኩ ነውና ውሃ መድፋቱን አቁመው የቧንቧ ሠራተኛ ይጥሩ። አሲድ የደፉ ከሆነ ቱቦውን ከመንካቱ በፊት ይንገሩት። አሲድና በረኪና በፍጹም አይገናኙ፤ ሲቀላቀሉ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል።

ከሁሉም በላይ ማንም ሰው፣ ለደቂቃም ቢሆን፣ ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ አይግባ። እዚያ የሚጠራቀመው ጋዝ አፍታ ሳይቆይ ራስን ያስታል። ብዙ ጊዜ የሚሞተውም አንድ ሰው አይደለም፤ የወደቀውን ሊያወጣ ተከትሎ የገባው ጭምር ነው። ሰው ከወደቀ ከላይ ሆነው ሌሎች እንዳይገቡ ይከልክሉ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከሆኑ ወዲያው ወደ እሳትና ድንገተኛ አደጋ በ939 ይደውሉ።