ሳይቃጠል በቅጠል፤ የኮምፒዩተርን የውኃ ማቀዝቀዣ ስለ መሰካትና ስለ መቈጣጠር

ባለፈው የመመረቂያ ጽሑፍ ወራት በጋራ የምንሠራበት ኮምፒዩተር ሌሊት ሌሊት ድንገት እየጠፋ ምን ያህል እንዳስቸገረን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አንድ ጓደኛችን ሁለት ሌሊት ሙሉ ሲያሰላው የቈየው ሥራ ሊፈጸም ጥቂት ሲቀረው መሣሪያው ድርግም ብሎ ጠፋና ድካሙን ሁሉ ውኃ በላው። አስቀድመን መብራቱን አማን፤ ቀጥለን ፕሮግራሙን፤ በመጨረሻም ዕቃውን የሸጠልንን ነጋዴ። ክዳኑ ተከፍቶ ሲታይ ግን ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የገዛ እጃችን ሆኖ ተገኘ። የውኃ ማቀዝቀዣውን ፓምፕ የሰካነው እኛው ነበርን፤ የሰካነውም በማይገባው ቦታ ነበር።

ስሕተትን ደብቆ ከመቀመጥ ተናግሮ ሌላውን ማዳን ይሻላል በማለት ይህን ጽሑፍ አቅርበናል። ከመካከላችን ኮምፒዩተሩን በገዛ እጁ ገጣጥሞ የሚሠራ አለ፤ የዓመት ድካሙም የተጠራቀመው በዚያ ሳጥን ውስጥ ነው። የምንለው በአጭሩ ይህ ነው፤ ፓምፕ ማራገቢያ አይደለም። ፓምፑ ሳያቋርጥ በሙሉ ኀይሉ ይሥራ፤ ማራገቢያዎቹ ግን እንደ ሙቀቱ መጠን ይፍጠኑ፥ ይዝገሙም። ምክንያቱን እንደሚከተለው እንገልጻለን።

ውኃው ምን ይሠራል?

የኮምፒዩተር አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ሥራ ሲበዛበት 100፥ አንዳንዱም ከ200 ዋት በላይ ሙቀት ያወጣል። ይህም የቀድሞው ባለ 100 ዋት አምፖል ከሚሰጠው ሙቀት የሚያንስ አይደለም፤ ልዩነቱ ግን ሙቀቱ የሚወጣው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ ከማይበልጥ ስፋት መሆኑ ነው። ስለዚህ ሙቀቱን ከዚያ ጠባብ ቦታ ቶሎ አንሥቶ ወደ ሰፊ ቦታ የሚያደርስ መልእክተኛ ያስፈልጋል።

መልእክተኛው ውኃ ነው። አሠራሩም ከመኪና ራዲያተር የተለየ አይደለም። በፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠው የመዳብ ሰሌዳ ሙቀቱን ይቀበላል፤ ፓምፑ ውኃውን በሰሌዳው ላይ እያሳለፈ በጎማ ቱቦ ወደ ራዲያተሩ ይሰዳል፤ በራዲያተሩ ላይ የታሰሩት ማራገቢያዎች ሙቀቱን ለአየር ያስረክባሉ፤ የቀዘቀዘውም ውኃ ተመልሶ ይመጣል። ተገጣጥመው በሚሸጡት በአብዛኞቹ ማቀዝቀዣዎች ፓምፑ ከመዳቡ ሰሌዳ ጋር በአንድ ክዳን ሥር ይገኛል። ኮምፒዩተርን በፈሳሽ ማቀዝቀዝ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1985 የወጣው ክሬይ 2 የተባለው ታላቅ ኮምፒዩተር የውስጥ ክፍሎቹ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ ተነክረው ይሠራ ነበር፤ በ2004ም አፕል ፓወር ማክ ጂ5 የተባለውን የጠረጴዛ ኮምፒዩተር በፈሳሽ ማቀዝቀዣ አውጥቷል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። ከማራገቢያዎቹ አንዱ ቢቆም የቀሩት ሥራውን ይጋሩታል። ፓምፑ ከቆመ ግን ውኃው ባለበት ይረጋል፤ ራዲያተሩ የቱን ያህል ቢራገብ ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ አይነሣም።

የሽቦዎቹ ቋንቋ

ከማራገቢያም ሆነ ከፓምፕ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደው ኬብል ብዙውን ጊዜ 3 ወይም 4 ሽቦ አለው። የያንዳንዱ ሥራ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ ግራውንድ የሚባለው የመመለሻ ሽቦ ነው።

2ኛ/ 12 ቮልት የሚያመጣው ሽቦ ነው።

3ኛ/ ፍጥነት ነጋሪው ነው። ሞተሩ አንድ ጊዜ በዞረ ቍጥር በዚህ ሽቦ 2 ምት ይልካል። ማዘርቦርዱም በሰኮንድ 80 ምት ቢቈጥር ሞተሩ በደቂቃ 2,400 ጊዜ እንደሚዞር ያውቃል ማለት ነው።

4ኛ/ ትእዛዝ ተቀባዩ ነው። በዚህ ሽቦ የሚመጣው ኀይል ሳይሆን ምልክት ነው፤ ምልክቱም በሰኮንድ 25,000 ጊዜ ያህል ይበራል፥ ይጠፋል። ከጊዜው ግማሹን ከበራ «በግማሽ ሥራ»፥ ሳያቋርጥ ከበራ «በሙሉ ኀይልህ ሥራ» እንደ ማለት ነው።

ባለ 3 ሽቦው ይህ አራተኛ ሽቦ የለውም። እርሱን ለማዘግየት ያለው መንገድ 12 ቮልቱን ራሱን ወደ 9፥ ወደ 7፥ ወይም ከዚያ በታች ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። ማራገቢያ ይህን ይታገሣል። የፓምፕ ሞተር ግን ቮልቱ ሲጎድልበት ውኃውን በሚገባ መግፋት ሊያቅተው፥ አንዳንዴም ጨርሶ አልነሣ ሊል ይችላል። እኛን ያገኘን ይኸው ነው።

የት ይሰካ?

በማዘርቦርዱ ላይ ካሉት መሰኪያዎች አጠገብ ጥቃቅን ጽሑፍ አለ። «ሲፒዩ ፋን» የሚለው የፕሮሰሰሩን ሙቀት ተከትሎ የሚያዝዝ ነው። «ቻሲስ ፋን» ወይም «ሲስተም ፋን» የሚሉት ለሳጥኑ ማራገቢያዎች የተመደቡ ናቸው። «ኤአይኦ ፓምፕ» ወይም ደግሞ «ፓምፕ» የሚል ቃል ያለበት ካለ፥ እርሱ ለፓምፕ የተሠራ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ሳይቀንስ ሙሉ 12 ቮልት ይሰጣል።

እኛ ያደረግነውን እንንገራችሁ። ባለ 3 ሽቦውን ፓምፕ ቅርብ ሆኖ ባገኘነው በ«ቻሲስ ፋን» ሰካነው። ያ መሰኪያ «ጸጥታ» በሚለው ደንብ ላይ ተቀምጦ ነበርና ቮልቱን ቀንሶ ይሰጥ ነበር። ከዚህም የባሰው፥ ይከታተለው የነበረው የማዘርቦርዱን ሙቀት እንጂ የፕሮሰሰሩን አልነበረም። ፕሮሰሰሩ ሲነድ ማዘርቦርዱ ቀዝቀዝ ብሎ ይቀመጣል፤ መሰኪያውም ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ፓምፑን እንዳዘገመ ይተወዋል። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ መጀመሪያ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይህም አልበቃ ሲል ኮምፒዩተሩን ያጠፋል። የጓደኛችን ስሌት የጠፋው እንዲህ ነው።

እንግዲህ ትክክለኛው አሰካክ በፓምፑ ዓይነት ይወሰናል። ፓምፑ በማዘርቦርዱ ኀይል የሚሠራ ከሆነ ኬብሉን በፓምፕ መሰኪያ ሰክቶ በባዮስ ውስጥ 100 በመቶ ላይ ማቆም ነው። የፓምፕ መሰኪያ የሌለው ማዘርቦርድ ከሆነ በሌላ መሰኪያ መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን ያ መሰኪያ ደንቡ ተለውጦ ሁልጊዜ ሙሉ ኀይል እንዲሰጥ መደረግ አለበት። ኀይሉን በሳታ ኬብል በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ የሚወስድ ፓምፕ ከሆነ፥ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደው ቀጭን ኬብል ፍጥነት ነጋሪ ብቻ ነው። አንዳንዱ በዚህ ላይ የዩኤስቢ ኬብል ይጨምራል፤ ይህም በማዘርቦርዱ ላይ ባለ 9 ፒን በሆነው የውስጥ ዩኤስቢ መሰኪያ ይገባል፤ ፓምፑና ማራገቢያዎቹም በፕሮግራም ይታዘዛሉ። ከማንኛውም በፊት ከዕቃው ጋር የመጣውን መመሪያ ማንበብ ይገባል፤ እኛ ሳናነብ ጥለነው ነበር።

የራዲያተሩ ማራገቢያዎች በ«ሲፒዩ ፋን» ቢሰኩ መልካም ነው። ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ በአንድ ማከፋፈያ ኬብል ማገናኘት ይቻላል። የብዙ መሰኪያዎች ዐቅም 1 አምፔር ነው፤ አንድ ባለ 120 ሚሊሜትር ማራገቢያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.3 አምፔር ይወስዳል። ይሁን እንጂ በማራገቢያው ጀርባ የተጻፈውን ደምሮ ማየት ነው፤ ድምሩ ከዐቅሙ ካለፈ ኀይሉን ከፓወር ሰፕላዩ የሚወስድ ማከፋፈያ ያስፈልጋል። በማከፋፈያ ፍጥነቱን የሚናገረው አንዱ ማራገቢያ ብቻ ስለሆነ፥ ሌላው ቢቆም ማዘርቦርዱ አያውቅም፤ በዐይን ማየት ያስፈልጋል።

በ«ሲፒዩ ፋን» የፍጥነት ምት ሲጠፋ ብዙ ማዘርቦርዶች ሲነሡ ቆመው ያስጠነቅቃሉ። አንዳንዱ ተማሪ ይህን ማስጠንቀቂያ በባዮስ ገብቶ ዝም ያሰኘዋል። ይህ ጩኸቱ ሰለቸኝ ብሎ ውሻውን እንደ ማባረር ነው። ፓምፑ በሌላ መሰኪያ የሚጠበቅ ካልሆነ በቀር ማስጠንቀቂያው አይጥፋ።

ማራገቢያዎቹን ስለ መቈጣጠር

ፕሮሰሰሩ አንድ ፋይል በተከፈተ ቍጥር በሰኮንድ ውስጥ 20 ዲግሪ ያህል ሊዘል ይችላል። ማራገቢያው ይህን ዝላይ እየተከተለ ቢጮኽና ቢያርፍ፥ ጥቅሙ አብሮን የሚያጠናውን መረበሽ ብቻ ነው። ውኃ ቶሎ አይሞቅምና። አንድ ግራም ውኃ በ1 ዲግሪ እንዲሞቅ 4.2 ጁል ያህል ይፈልጋል። በማቀዝቀዣው ውስጥ 200 ግራም ውኃ አለ ብንል፥ 120 ዋት ሙቀት ያንን ውኃ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 7 ሰኮንድ ይፈጅበታል፤ ራዲያተሩም በዚያው ጊዜ ሙቀቱን ያስወጣል። ስለዚህ ማራገቢያው የሚቸኵልበት ምክንያት የለም።

መፍትሔው ሁለት ነው። ማቀዝቀዣው የውኃውን ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ካለው ማራገቢያዎቹ እርሱን ይከተሉ። ከሌለው ደግሞ በባዮስ ውስጥ ማራገቢያው ትእዛዙን በጥቂት ሰኮንዶች አዘግይቶ እንዲቀበል ማድረግ ነው። ለመነሻ ያህል፥ ፕሮሰሰሩ ከ50 ዲግሪ በታች ሲሆን 30 በመቶ፥ በ65 ዲግሪ 50 በመቶ፥ በ75 ዲግሪ 75 በመቶ፥ ከ85 ዲግሪ ጀምሮ 100 በመቶ ማለት ይቻላል፤ ከዚያ እያንዳንዱ እንደ ዕቃው ያስተካክለው።

በአዲስ አበባና በመሰል ደጋ ከተሞች ለምንኖር አንድ ነገር እንጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች፥ አየሯ በእኩል ሙቀት ካለ የባሕር ዳርቻ አየር ክብደቱ ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያሻግረው አየር የሳሳ ነውና የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። የክፍላችን ቅዝቃዜ ጥቂት ቢክሰንም፥ በሌላ አገር የተዘጋጀ የማራገቢያ ደንብ እዚህ ከፍ መደረግ ይኖርበታል።

በሽታውን እንዴት እንለየው?

ኮምፒዩተሩ ሲግል ራዲያተሩን በእጅ መንካት ነው። ፕሮሰሰሩ እየነደደ ራዲያተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ሙቀቱ አልደረሰበትምና ፓምፑ ይጠርጠር፤ ወይም የመዳቡ ሰሌዳ በሚገባ አልተጫነም። ራዲያተሩም አብሮ ከጋለ ማራገቢያዎቹ ቆመዋል፥ ወይም አቧራ ደፍኖታል። ፓምፑ የሚንጐራጐር ከሆነ ደግሞ አየር ገብቶበት ይሆናል። አየር ሁልጊዜ ወደ ላይ ይወጣልና፥ ከራዲያተሩ ቢያንስ አንዱ ጫፍ ከፓምፑ በላይ እንዲሆን አድርጎ መግጠም ይገባል።

እኛ ያቃናነው ነገር አንድ ኬብል ነቅሎ አራት ጣት ያህል ወዲያ መሰካት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያድራል። የጓደኛችን የሁለት ሌሊት ድካም ግን አልተመለሰም፤ እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመረ። እናንተም ከሚቀጥለው ረጅም ሥራችሁ በፊት ኮምፒዩተሩን አጥፍታችሁ፥ ክዳኑን ከፍታችሁ፥ የፓምፑን ኬብል በጣት ተከትላችሁ የት እንደገባ እዩ፤ ቀጥሎም ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ፍጥነቱን አንብቡ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ያወቀም ላላወቀ ይንገር።