በተከለለ ተራራ ላይ ስለሚደረግ የንብ እርባታ፤ መሬት ያልደረሳቸው ወጣቶች ለራሳቸውም ለቀበሌያቸውም የሚጠቅሙበት ሥራ

የአገር ሀብት ከምድር ይወጣል፤ ምድርም ሀብቷን የምትሰጠው የሚሠራባት እጅ ያገኘች እንደ ሆነ ነው። በደጋውና በወይና ደጋው በብዙ ወረዳ የሚታየው ነገር ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። እጅ አለ፤ የሚሠራበት መሬት ግን የለም። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኖ ለገበሬው ተደለደለ። በትግራይ አጠቃላይ ድልድል የተፈጸመው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ በአማራ ክልል በብዙ ቦታ እንደ ገና የተደለደለው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ተወልዶ ለአካለ መጠን የደረሰው ልጅ አባቱ ካልሰጠው በቀር ድርሻ አላገኘም። አንድ ጥማድ መሬት ለአራት ወንድማማች ቢከፈል አራቱንም ያስርባል እንጂ አንዱን እንኳ አያጠግብም።

ስለዚህ ወጣቱ ከሦስት አንዱን ይመርጣል። ወይም በአባቱ ደጅ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ወይም ወደ ከተማ ወርዶ የቀን ሥራ ይለምናል፤ ወይም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ ዐረብ አገር ለመግባት ነፍሱን ለአደጋ ይሰጣል። ከሦስቱም ቀበሌው የሚጠቀመው ጥቂት ነው። ለማስተማሪያው ብዙ የተደከመበት ጉልማሳ ጕልበቱ በበረታበት ጊዜ ከአገሩ ሲለይ፣ እርከኑን የሚጠግን፣ ምንጩን የሚጠርግ፣ ሽማግሌውን የሚጦር ይጠፋል።

ከዚህ ጋራ ሁለተኛ ችግር አለ፤ እርሱም የተራራው ችግር ነው። ዛፉ ያለቀበት፣ ሣሩ በከብት የተጋጠ ተራራ ዝናም በወረደበት ጊዜ ውኃውን አይዝም። ጐርፉ አፈሩን ጠርጎ ይወስዳል፤ በታች ያለውን ማሳ በድንጋይ ይሞላል፤ ክረምቱም ካለፈ በኋላ ምንጩ ይደርቃል። የዚህ መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ተራራው ከከብትና ከመጥረቢያ ይከለላል፤ እርከን ይሠራበታል፤ ውኃ የሚያቁር ጕድጓድ ይቈፈርበታል። እንዲህ የተደረገ እንደ ሆነ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሣሩና ቍጥቋጦው ራሱ ተመልሶ ይበቅላል።

ነገር ግን ተራራውን መከለል ከመጠበቅ ይቀላል። የሚከለለው በአንድ ቀን ጉባኤ ነው፤ የሚጠበቀው ግን በየሌሊቱ ነው። ተራራው ተከለለ ተብሎ ለማንም የሚሰጠው ጥቅም የሌለ እንደ ሆነ፣ እረኛው በጨለማ ከብቱን ያስገባል፤ ማገዶ ሻጩም ጎሕ ሳይቀድ ይቈርጣል። ዘበኛ ቢቀጠርም ደመወዙን የሚከፍል አይገኝም። ለመንደሩ ሰው እንዲህ ያለው ተራራ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ዓይነት ይሆንበታል።

እነዚህ ሁለት ችግሮች ለየብቻቸው ሲታዩ ከባድ ናቸው። ሁለቱን ያገናኘ ሹም ግን አንዱን በሌላው ይፈታል። መሬት ለሌለው ወጣት ማረሻ የማይገባበትን ተራራ መስጠት፣ ዘበኛ ለሌለው ተራራም የሚቈረቈርለት ባለቤት መስጠት ይቻላልና። ይህንንም ለማድረግ ከሚረዱት ሥራዎች ሁሉ የንብ እርባታ የቀደመውን ስፍራ ይይዛል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ንብ መሬት አታርስም፤ ሣር አትግጥም፤ የምትፈልገው አበባና ውኃ ብቻ ነው። አንድ የንብ መንጋ ከቀፎው እስከ ሦስት ኪሎ ሜትር ድረስ እየተመላለሰ ከአበባው ወለላውንና ዱቄቱን ይሰበስባል። ቀፎው የቆመበት ቦታ ከጥቂት ክንድ አይበልጥም፤ የሚያገለግለው ግን ሰፊ አገር ነው። ስለዚህ የራሱ ማሳ የሌለው ሰው ከማንም ሳይቀማ የብዙ ማሳና የብዙ ተራራ ፍሬ ተካፋይ ይሆናል። ቀፎውን በተራራው ላይ ያቆመ ወጣት ቍጥቋጦው ሲቈረጥ የሚቈረጠው የራሱ ማር መሆኑን ያውቃል፤ ያለ ደመወዝ የሚጠብቅ ዘበኛ ማለት እርሱ ነው።

በታች ያለው ባለመሬትም ከዚህ ሥራ ጥቅም ያገኛል። ከተራራው የሚወርደው ጐርፍ ይቀንስለታል፤ ምንጩም ይበረክትለታል። ንቧ ከአበባ ወደ አበባ ስትሄድ ዱቄቱን ስለምታደርስ እህሉ ፍሬው ይበዛለታል። በተለይ ኑግ ከሌላ ኑግ ዱቄት ካልደረሰው በቀር በራሱ ዱቄት ደኅና ፍሬ አይዝም፤ ባቄላም ንብ በጐበኘችው ጊዜ ፍሬው ይጨምራል። ስለዚህ በማሳው አጠገብ ቀፎ የቆመበት ባለመሬት ንብ በላችብኝ ብሎ ሊከስ አይገባውም፤ ያለ ዋጋ ታገለግለዋለችና።

ኢትዮጵያ በማር ብዛት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ ናት፤ በሰምም ከዓለም ዋና ዋና አምራቾች አንዷ ናት። የአገራችን ሰው ንብ ማነብን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል፤ ማሩ ለጠጅ፣ ሰሙ ለጧፍ ሲያገለግል ኖሯል። የሚጐድለው የሥራው ስልት ነው። ከእንጨትና ከሣር ተሠርቶ በእበትና በጭቃ የሚለሰነው የአገር ቀፎ እንደ ቦታው በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ማር ይሰጣል። በ1950ዎቹ ማብቂያ በሆለታ የንብ እርባታ ጣቢያ ከቆመ ወዲህ በአገራችን የታወቀው፣ እንጀራው በእንጨት ክፈፍ ላይ የሚሠራበት የሣጥን ቀፎ ግን በደንብ ሲያዝ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይሰጣል። ለምሳሌ አሥር ወጣቶች ተባብረው 30 ቀፎ ቢይዙ፣ በአገር ቀፎ እያንዳንዱ 6 ኪሎ ቢሰጥ 180 ኪሎ ያገኛሉ፤ በሣጥን ቀፎ እያንዳንዱ 15 ኪሎ ቢሰጥ ግን 450 ኪሎ ያገኛሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ማሩ ሲቈረጥ እንጀራው ስለማይሰበርና ንቧ ሰም እንደ ገና ለመሥራት ስለማትደክም ነው።

በትግራይ የተደረገው ነገር ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በምሥራቅ ትግራይ በክልተ አውላዕሎ ወረዳ አብርሃ ወአጽብሃ በተባለው ቀበሌ መሬቱ ከመራቈቱ የተነሣ ሕዝቡ ወደ ሌላ ቦታ ይስፈር እስከ መባል ደርሶ ነበር። ሰዉ ግን ተራራውን ከልሎ፣ እርከን ሠርቶ፣ ጐርፉን በየቦይ ገድቦ አፈሩን ስላዳነ የጕድጓዱ ውኃ ቀረበ፤ ፍራፍሬና ማርም የሚሸጥበት ቀበሌ ሆነ። በ2004 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት ተቀበለ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ወርልድ ፊውቸር ካውንስል የተባለው ማኅበር፣ በረሓ እንዳይስፋፋ ለመከላከል ከተሠራባቸው ደንቦች መካከል ሕዝብን በነጻ ጕልበት ያስተባበረውንና ወጣቶችን የሥራው ተካፋይ ያደረገውን የትግራይን ደንብ መርጦ የወርቅ ሽልማት ሰጠ። በዚያው አገር ጠበብና ግርብያ የተባሉት ዕፅዋት በተከለለው ተራራ ላይ ክረምቱ ሲወጣ ያብባሉ፤ በገበያ የሚወደደው ነጭ ማር የሚገኘውም ከእነዚህ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሆነው ጦርነት ብዙ ቀፎ ጠፋ፤ ዛፉም ለማገዶ ተቈረጠ። ይሁን እንጂ ሥራው የሚቻል መሆኑ አስቀድሞ በተግባር የተገለጸ ነው።

ሥራው በአንዳንድ ቦታ ሳይቃና የቀረበት ምክንያት የወጣቶቹ ስንፍና ነው እየተባለ ይነገራል። ነገሩ ሲመረመር ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከአሰጣጡ ይገኛል። ቀፎ የተሰጠው አበባ በሌለበት በበጋው ወራት ከሆነ ንቧ ተርባ ትኰበልላለች። ሣጥኑ ተሰጥቶ የሰም ማተሚያው፣ ማጨሻውና የማር ማጣሪያው ካልተሰጠ፣ ሣጥኑ የዶሮ ቤት ሆኖ ይቀራል። ብድሩ የሚከፈልበት ቀን ማሩ ከሚቈረጥበት ወር በፊት ከሆነ ባለዕዳው ቀፎውን ይሸጣል። የማይተዋወቁ ሰዎች በወረቀት ላይ ተደርድረው ማኅበር ናችሁ ቢባሉም፣ መጀመሪያ ማር በተቈረጠ ዕለት በክፍያ ተጣልተው ይበተናሉ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ወጣቶቹ ተራራውን አልምተው ከጨረሱ በኋላ ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል መባላቸው ነው። አንድ ጊዜ ይህን ያየ ቀበሌ ዳግመኛ ለማንም ቃል እምነት አይሰጥም።

ስለዚህ የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት ከዚህ ቀጥሎ የተጻፈውን ቢጠብቁ ሥራው ይቃናል።

አንደኛ፤ ቦታው ከመሰጠቱ በፊት የመንደሩን ሕዝብ መሰብሰብ ይገባል። ተራራው አስቀድሞ የሁሉ መሰማርያ ነበርና ሽማግሌዎቹና የከብት ባለቤቶች ሳይጠየቁ ቢሰጥ ጠብ ይሆናል። ሣሩ በማጭድ ታጭዶ ለመንደሩ ከብት እንዲከፈል፣ ማሩ ለወጣቶቹ እንዲሆን፣ ከማሩም ሽያጭ ለቀበሌው ሥራ የሚሰጥ ድርሻ ካለ መጠኑ በዚያው ጉባኤ ተወስኖ እንዲጻፍ ማድረግ መልካም ነው።

ሁለተኛ፤ የቦታው ወሰን ተለክቶ የመጠቀም መብታቸው በጽሑፍ ይሰጣቸው። የቃል ፈቃድ ሹሙ በተለወጠ ጊዜ አብሮ ይለወጣል። ዛፍ ለመትከል ብዙ ዓመት ያስፈልጋልና የሚሰጣቸው ዘመን ረዥም ይሁን።

ሦስተኛ፤ ማኅበሩ ትንሽ ይሁን፤ አባሎቹም እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁና በፈቃዳቸው የተመራረጡ ይሁኑ። ሴቶች ልጆች ከዚህ ሥራ እንዳይቀሩ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የሣጥን ቀፎ በመሬት ላይ በመቀመጫ የሚቆም ስለ ሆነ፣ ዛፍ መውጣት የለበትምና ለእነርሱም የተመቸ ነው።

አራተኛ፤ በጥቂት ቀፎ ይጀምር። በአንድ ተራራ ላይ ከአበባው በላይ ቀፎ ቢበዛ ሁሉም ይራባል። ወጣቶቹ በመጀመሪያው ዓመት መንጋ ማጥመድን፣ በሁለተኛው ዓመት መንጋ መክፈልን ቢማሩ ቀፎው በራሳቸው እጅ ይበዛል። በቀበሌው ከቀድሞ ጀምረው ንብ የሚያነቡ አረጋውያን ቢኖሩ፣ የግብርናው ባለሙያ ከእነርሱ ጋራ አብሮ ያስተምር፤ የአገሩን አበባና የንቡን ጠባይ ያውቃሉና።

አምስተኛ፤ ገንዘቡ ወራቱን ይከተል። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ገንዘብ በአዋጅ ሲቋቋም የታሰበው መነሻ የሌለው ወጣት ሥራ እንዲጀምር ነው። እንዲህ ያለ ብድር ለንብ ሥራ ሲሰጥ ከክረምቱ አስቀድሞ ተሰጥቶ፣ ክፍያው ከጥቅምትና ከኅዳር የማር ቈረጣ በኋላ ቢሆን ተበዳሪው አይጨነቅም። ማተሚያውንና ማጣሪያውን እያንዳንዱ ማኅበር ለብቻው ከሚገዛ፣ የአንድ ቀበሌ ማኅበሮች በኅብረት ቢይዙት ወጪው ይቀንሳል።

ስድስተኛ፤ የተባይና የአረም መድኃኒት በሚረጭበት ጊዜ አስቀድሞ ለቀፎ ባለቤቶች ይነገራቸው። መድኃኒቱ አበባው በፈነዳበት በቀትር ሲረጭ ንቡን ይፈጃል። የሚረጨው ወደ ማታ ንቧ ከገባች በኋላ ቢሆን፣ ቀፎውም ለጊዜው ዘወር ቢል ወይም ቢሸፈን ጕዳቱ ይቀንሳል። ባለመሬቱ አንድ ቃል ባለመናገሩ የአሥር ወጣቶች የዓመት ድካም በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል።

ሰባተኛ፤ ማሩ ሳይበስል አይቈረጥ። ንቧ የእንጀራውን ዓይን በሰም ስትከድነው በስሎአል ማለት ነው፤ ሳይከደን የተቈረጠው ውኃው ስለሚበዛ ይቦካል። ከስኳር የተቀላቀለ ማር በገበያ የተገኘ እንደ ሆነም የአንድ ሰው ተንኰል የወረዳውን ሁሉ ስም ያጠፋል። ሰፈፉም እንደ ቆሻሻ አይጣል፤ ቀልጦና ተጣርቶ ሰም ሲሆን ራሱን የቻለ ዋጋ አለው።

ይህ ሁሉ ሲታይ ከሹሙ የሚጠየቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም። የሚጠየቀው እውነተኛ ወሰን፣ የማይታጠፍ ቃልና ወራቱን የጠበቀ ሥራ ነው። የንብ እርባታ ብቻውን መሬት ያልደረሰውን ወጣት ሁሉ ያኖራል ማለት አይቻልም፤ አበባ የሌለበት ቆላ አለ፤ ንብ የማይወድ ሰውም አለ። ነገር ግን በዚህ ሥራ የታየው ደንብ ለሌላውም ያገለግላል። ድንጋይ ለሚፈልጠው፣ ችግኝ ለሚያፈላው፣ በተገደበው ውኃ ዓሣ ለሚያረባው ወጣት ሁሉ ነገሩ አንድ ነው፤ ይኸውም ቀበሌው የሚያስፈልገውን ሥራ ለይቶ፣ ያንን ሥራ የሚሠራው ወጣት ጥቅሙን እንዲያገኝበት ማድረግ ነው።

ተራራውን ያለ ወጣቱ መጠበቅ፣ ወጣቱንም ያለ ሥራ በአገሩ ማቆየት አይቻልም። በሚመጣው ክረምት ከተራራው የሚወርደው ውኃ ደፍርሶ ወይም ጠርቶ መውረዱ፣ ወጣቱም በአገሩ መቅረቱ ወይም መሰደዱ፣ ወሰኑን የሚለካውና ወረቀቱን የሚፈርመው ሹም በዚህ በጋ በሚያደርገው ነገር ይወሰናል።