ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሶፍትዌር የሚጭነውና ሶፍትዌሩን የሚገለገልበት ሰው ብዙ ጊዜ ለየቅል ናቸው። ከውጫሌ የመጣ መምህር ላፕቶፑን ከደሴ ወልድያ መንገድ ዳር ላለ ፎቶ ኮፒ ቤት ይተውና «የአማርኛ መጻፊያ ጫንልኝ» ብሎ ገበያ ይወጣል እንበል። ልጁ ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ ይላል። በመሐል ብቅ ያለውን ማስታወቂያ ሁሉ ያየው እሱ ነው፤ የሚመለከተው ግን መምህሩን ነበር።

ይህን ችግር አጥብቀው ካሰቡበት አንዱ ዴቢያን ነው፤ ኢያን መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመረው ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም። በዴቢያን አንድ ፕሮግራም ሲጫን ጥያቄ ካለው የሚያቀርበው ዴብኮንፍ በሚባል አገናኝ በኩል ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ማዕረግ አለው፤ ከዝቅተኛ እስከ እጅግ አስጊ አራት ደረጃ። ካልተቀየረ በቀር ተጠቃሚው ፊት የሚቀርቡት ሁለቱ የላይኞቹ ብቻ ናቸው፤ ለቀሩት ፕሮግራሙ ራሱ የተለመደውን መልስ ይወስዳል። ጥያቄዎቹም በተቻለ መጠን ፋይሉ ከመፈታቱ በፊት ተሰብስበው ይጠየቃሉ፤ ሰውዬው መልሶ ወደ ጉዳዩ እንዲሄድ።

ጥያቄ የሌለው፣ «እሺ» ከማለት ሌላ መልስ የማይሻ ማስታወቂያስ? ዴቢያኖች እሱን አይወዱትም፤ ልክም ናቸው። ሁሉም ሠሪ የራሱ ወሬ ትልቅ ይመስለዋል። ሃምሳ ፕሮግራም አንድ አንድ መስኮት ቢከፍት አንባቢው ከሦስተኛው በኋላ ጣቱን ኢንተር ላይ ያሳርፋል፤ ዳታ ሊያጠፋ የሚችለው ማስጠንቀቂያም አብሮ ያልፋል። ስለዚህ የአጠቃቀም ማብራሪያው ከፕሮግራሙ ጋር በሚቀመጥ ፋይል፣ የለውጥ ዜናውም በሌላ ፋይል ይጻፋል። ከተጫነ በኋላም አይጠፋም፤ መምህሩ ማታ ቤቱ ገብቶ ሊያነበው ይችላል።

በጊዜው የሚነገር ነገርም አለ። አፕት የተባለው የዴቢያን መጫኛ ሌሎች ፕሮግራሞችን ማስከተል ካለበት ስንት ሜጋባይት እንደሚያወርድና ዲስኩ ላይ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ አስቀድሞ ተናግሮ «ልቀጥል?» ይላል። በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ይህ የገንዘብ ጥያቄ ነው።

የአማርኛ መጻፊያውም አንድ እንዲህ ያለ ጥያቄ አለው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቦታ አግኝቷል፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ግን ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ያስቀመጡ ነበሩ። በእነሱ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት የደሴ ቢሮ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ይሆናል። አሮጌውንም አዲሱንም የያዘ ፕሮግራም ከሆነ እዚህ ላይ ቆሞ መጠየቅ አለበት፤ ጉዳቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነውና። «ጨ» በየትኛው ቁልፍ እንደሚጻፍ ግን ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የሚነገር አይደለም። ባለቤቱ መጀመሪያ ሲከፍተው ይነገረው።

ስልኮች ወደዚሁ መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አንድሮይድ 6.0 የካሜራና የአድራሻ ፈቃድን ከመጫኛ ሰዓት አውጥቶ መተግበሪያው በሚፈልገው ሰዓት እንዲጠይቅ አደረገ፤ ያኔ ስልኩ በባለቤቱ እጅ ነው።

ቋንቋውን ረስቼ አላልፍም። ዴቢያንን ራሱን የሚጭነው መጫኛ በስዕላዊ ገጹ አማርኛ ይናገራል። የአማርኛ መጻፊያ ሆኖ ሳለ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚያስጠነቅቅ መጫኛ ምን ሰበብ ይኖረዋል?