ልጋጋም ሻጋታን በቤት ማሳደግ፦ ከአርባ ምንጭ ደን የተገኘ ትምህርት



ሥነ ሕይወትን ከሃያ ዓመታት በላይ ሳስተምር አንድ ነገር ሲያሳፍረኝ ኖሯል። ተማሪዎቼ የሕዋስን ክፍሎች በቃላቸው ይወጡታል፤ ሳይቶፕላዝም ምንድን ነው ቢባሉ ሳይሳሳቱ ይመልሳሉ። «ሲፈስስ በዓይኑ ያየ ማን አለ?» ብዬ ስጠይቅ ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። ለብዙ ተማሪ አንድ ማይክሮስኮፕ በሚደርስበት፣ መብራትም ድንገት በሚጠፋበት ቤተ ሙከራ ይህ የተማሪው ጥፋት አይደለም። ዛሬ የምነግራችሁ ያለ ማይክሮስኮፕ ስለሚታይ ሕያው ሕዋስና እርሱን በቤት ስለ ማሳደግ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት ከከተማችን ግርጌ፣ አርባዎቹ ምንጮች በሚፈልቁበት ደን ውስጥ ነው። የሚያዝያ ዝናብ ከጣለ በኋላ በአንድ የበሰበሰ ግንድ ላይ የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ መረብ ተዘርግቶ ነበር። በማግስቱ ስመለስ ከነበረበት ቦታ አንድ ስንዝር ያህል ፈቀቅ ብሏል።

በእንግሊዝኛ አጠራሩ «ስላይም ሞልድ» የሚባለውን ይህን ፍጡር እኔ ልጋጋም ሻጋታ እለዋለሁ፤ ነገር ግን ሻጋታም እንጉዳይም አይደለም። ዘመዶቹ አሜባዎች ናቸው። ባክቴሪያንና የሻጋታ ዘርን ከቦ ይውጣል። የሚሳበው አካሉ ፕላዝሞዲየም ይባላል። ይህ ስም በአርባ ምንጭ ሰው ጆሮ ወባን ያስታውሳል፤ ሆኖም ከወባው ተሕዋስ ጋር ከስሙ በቀር የሚያገናኘው ነገር የለም። ፕላዝሞዲየሙ እጅግ ብዙ ኒውክለሶችን የያዘ አንድ ነጠላ ሕዋስ ሲሆን የመዳፍን ያህል ሊሰፋ ይችላል። ለሁለት ቢቆረጥ ሁለቱም ይኖራሉ፤ መልሰው ቢነካኩ ደግሞ ይዋሐዳሉ። በደም ሥሮቹ መሰል ቱቦዎች ውስጥ ሳይቶፕላዝሙ ለአንድ ደቂቃ ያህል ወደ ፊት ይፈስሳል፤ ይቆማል፤ ከዚያም ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህን በተራ አጉሊ መነጽር ማየት ይቻላል።

አያያዙ ቀላል ነው፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ክዳን ያለው ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ውሰዱ፤ ከዚያ በኋላ ግን ምግብ አትብሉበት። ሽታና ቀለም የሌለው ነጭ ሶፍት አንጥፉበት። በውሃ አርሱትና ዕቃውን አዘንብላችሁ ትርፉን አፍስሱ፤ ፍጡሩ እርጥበትን ይወዳል እንጂ መዋኘትን አይወድም። ክሎሪን ስለሚጎዳው ውሃውን አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። ከፕላዝሞዲየሙ ቁራሽ አስቀምጡና በአጠገቡ አንድ ሁለት ፍሬ ጠፍጣፋ አጃ ጣል አድርጉለት። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ጥቂት መጨመር ይበቃል፤ አብዝቶ ማብላት ዕቃውን ለእውነተኛው ሻጋታ አሳልፎ መስጠት ነው። ጥቁር ወይም አረንጓዴ ሻጋታ ከታየ አዲስ እርጥብ ወረቀት ከጫፉ ጋር አገናኙለት። እርሱ ራሱ ወደ ንጹሑ ይሻገራል፤ እናንተም አሮጌውን ታስወግዳላችሁ።

ዕቃው በጨለማ ይቀመጥ። ረሃብና ብርሃን በአንድነት ሲደርሱበት ፕላዝሞዲየሙ ወደ ዘር ተሸካሚ አካል ይለወጣል፤ ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም። የሚስማማው ሙቀት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የመጀመሪያውን ያጣሁት በዚህ ምክንያት ነው፦ በበጋ ቀትር መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ትቼው ሄድሁ፤ ስመለስ የሚሸት ቡናማ ፈሳሽ ሆኖ ጠበቀኝ። አሁን ከወለሉ ላይ፣ ከውሃ እንስራ አጠገብ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አኖረዋለሁ። በጨንቻ ደጋ ግን ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ ብርዱ ያዘገየዋል እንጂ በቶሎ አይገድለውም።

ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ስትሄዱ አብራችሁ መውሰድ የለባችሁም። ምግቡን አንሡና ክዳኑን በጥቂቱ ከፍታችሁ በጨለማ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ተዉት። ስክሌሮሽየም የሚባል ደረቅ ቅርፊት ይሆናል። በፖስታ ታሽጎ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል፤ ውሃ ሲያገኝ ይነሣል።

ይህ አንጎል የሌለው ሕዋስ ተመራማሪዎችን አስደንቋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ጃፓናዊው ቶሺዩኪ ናካጋኪና ባልደረቦቹ ፊዛረም ፖሊሴፋለም የተባለውን ዝርያ በጥልፍልፍ መንገድ ውስጥ አሰራጩት። በሁለቱ ጫፎች አጃ ሲቀመጥ ከዝግ መንገዶቹ ተሰብስቦ በአጭሩ መንገድ ላይ ብቻ ቀረ። በ2010 ደግሞ አጃውን በቶኪዮ ዙሪያ ባሉ ከተሞች አቀማመጥ ሲደረድሩለት፣ በአንድ ቀን ገደማ ከባቡር መሥመሮቹ ጋር የሚወዳደር መረብ ዘረጋ። ምሥጢሩ ምናብ አይደለም፦ ብዙ ፈሳሽ የሚያልፍበት ቱቦ ይወፍራል፤ ጥቂት የሚያልፍበት ይከሳል።

ይህን ሙከራ በራሳችን ካርታ ሥሩት። አርባ ምንጭን፣ ጨንቻን፣ ብርብርን፣ ገረሴንና ካምባን በአጃ ምልክት አድርጉ። አባያና ጫሞን ከወረቀቱ ቆርጣችሁ አውጡ፤ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይን ቀጭን አድርጋችሁ ተዉ፤ ከማዶ በነጭ ሳር ሜዳ አንድ ፍሬ አኑሩ። መረቡ ከመንገዶቻችን ጋር የት ይስማማል? የት ይለያል? ለምን? ሰነፍ ተማሪ «ሻጋታው ከመሐንዲሱ በለጠ» ይላል። ጎበዙ ግን ሻጋታው የጋሞን ተራራ ቁልቁለት እንደማያውቅ ያስተውላል። ውሳኔውንም ከዱቡሻ ሸንጎ ጋር ለማመሳሰል የሚቃጣችሁ ካላችሁ ተጠንቀቁ፤ በዱቡሻ የሚመክረው ሰው ነው፤ ምክንያቱን ይናገራል፤ ይጠየቅበታልም።

ከተማሪዎቼ አንዱ ሲመረቅ የደረቀ ቁራሽ በወረቀት ጠቅልሎ ወደሚያስተምርበት የደጋ ትምህርት ቤት ወሰደ። በሦስተኛው ቀን ደውሎ «መምህር፣ ተነሣ!» አለኝ። የክፍሉ ልጆች በአንዲት አጉሊ መነጽር እየተፈራረቁ ሳይቶፕላዝም ሲፈስስ አይተዋል። እኔ ያን ዕድል ያገኘሁት በሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴ ነበር።

በመጨረሻ ስለ ምንጩ አደራ ልበል። ይህ ፍጡር የሚኖረው በወደቀ ግንድና በበሰበሰ ቅጠል ላይ ነው። የማገዶ ሸክም ተሸክመው ከደኑ የሚወጡትን እናቶች ልንወቅስ አይገባንም፤ ቤት የሚጠብቃቸው ምድጃ አለ። ነገር ግን የሞተ እንጨት የሌለበት ደን ጽዱ ሳይሆን የተራበ ደን መሆኑን ማወቅና ሌላ ማገዶ እንዲገኝ መሥራት የእኛ የተማርነው ድርሻ ነው። ስለዚህ ከፓርኩ ክልል ያለ ፈቃድ ምንም አታንሡ። ከግቢያችሁ የማንጎ ዛፍ ደረቅ ቅርፊት ጥቂት ወስዳችሁ በእርጥብ ወረቀት ላይ አኑሩና ለሳምንታት በትዕግሥት ተመልከቱ። ከዚያ የሚወጡት ዝርያዎች ብዙዎቹ ደቃቅ ናቸው፤ አጃንም ላይቀበሉ ይችላሉ። ቢጫው መረብ ባይወጣላችሁም እንኳ ከዚህ በፊት ልብ ያላላችሁትን ሕይወት ታያላችሁ።